የስፒከር ሳጥን በቤት ውስጥ፦ ዎፈሩን ከመለካት ሳጥኑን እስከ መዝጋት

መርካቶ ወርዶ ዎፈር፣ ማለትም ባሱን የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር፣ መግዛት ቀላል ነው። ከተበላሸ ጂፓስ ፈትቶ ማውጣትም እንደዚያው። ጣጣው የሚመጣው ሳጥኑ ላይ ነው። ብዙ ሰው በዓይን ግምት «ይህን ያህል ይበቃዋል» ብሎ ያስቆርጥና፣ ድምፁ ሲያስጠላው ዎፈሩን ይወቅሳል። ዎፈሩ ግን ምንም አላጠፋም።

እዚህ የምንሠራው አንድ 8 ኢንች ዎፈርና አንድ 1 ኢንች ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) የሚይዝ፣ ዙሪያውን የተዘጋ ሳጥን ነው። ጥንድ አድርገን። እንጨቱን መቁረጥና ማጣበቅ ያን ያህል አያስቸግርም። ዋናው ሥራ ከዚያ በፊት ነው፤ መለካትና ማስላት። ቁጥሩን አትፍሩት፣ ማባዛትና ማካፈል ከቻላችሁ ይበቃል።

ሳጥኑ ምን ይሠራል?

ዎፈሩን ባዶውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ብታጫውቱት ባስ የሚባል ነገር አትሰሙም። ኮኑ (የሚንቀሳቀሰው የፊቱ ሾጣጣ) ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይጨመቃል፤ ከኋላው ያለው በዚያው ቅጽበት ይሳሳል። የባስ ሞገድ ረጅም ስለሆነ የኋላው ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱም ይጣፋሉ። ሳጥኑ የኋላውን አፍኖ ያስቀራል።

ሌላም ሥራ አለው። ውስጥ የታፈነው አየር ስፕሪንግ ሆኖ ኮኑን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ በ1954 እ.ኤ.አ. ኤአር-1 የተባለውን ስፒከር ያወጣው በዚህ ሐሳብ ነው። በዚያ ዘመን ጥሩ ባስ የሚሰጥ ስፒከር ቁም ሳጥን የሚያክል ነበር። የሱ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሆነ።

ሳጥኑ ከልክ በላይ ካነሰ አየሩ ይጠነክራል። ያኔ ባሱ አንድ ቦታ ላይ ያብጣል፣ ከዚያ በታች ይጠፋል። ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት «ቡም» ይሆናል። ከልክ በላይ ከሰፋ ደግሞ ኮኑን የሚይዘው ይላላል፤ ድምፅ ስትጨምሩ ብዙ ይወጣል፣ ይንኳኳል።

ፖርት፣ ማለትም የአየር ቱቦ ያለው ሳጥንስ? በደንብ ከተሠራ ከተዘጋው የበለጠ ወደ ታች ይወርዳል። ነገር ግን ስሌቱ ትንሽ ሲዛነፍ ወዲያው ያስታውቃል። ቱቦው ከተቃኘበት ፍሪኩዌንሲ በታች ደግሞ ኮኑን የሚገታው አየር የለም፤ ሲጮህ ውሎ ሊበጠስ ይችላል። የፋብሪካ ወረቀት የሌለው ዎፈር ይዞ በፖርት መጀመርን እኔ አልመክርም። የተዘጋ ሳጥን ጥቂት ስሕተት ይችላል።

ዎፈሩን ለኩ

የሳጥኑ ስፋት የሚወሰነው በሦስት ቁጥሮች ነው። ኤፍኤስ ዎፈሩ ነፃ አየር ላይ ሆኖ በራሱ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ ነው። ኪውቲኤስ ያ እርግብግቢት ምን ያህል ቶሎ እንደሚገታ ይናገራል። ቪኤኤስ ደግሞ የኮኑ ልስላሴ በስንት ሊትር አየር እንደሚመዘን ነው። ይህን አሠራር ያደራጁት አውስትራሊያ ውስጥ የሠሩት ኔቪል ቲልና ሪቻርድ ስሞል ናቸው፤ የመጀመሪያው በ1961፣ ሁለተኛው በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.። ዛሬ ደህና ዎፈር ሲገዛ ሦስቱም ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ ተጽፈው ይመጣሉ። ወረቀቱ ካላችሁ ወደ ስሌቱ እለፉ። የአብዛኞቻችን ዎፈር ግን ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ እንለካለን።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የኤሲ ሚሊቮልት የሚያነብ ቴስተር፣ አንድ የ1000 ኦም እና አንድ የ10 ኦም ሬዚስተር፣ 10 ቮልት ገደማ ማውጣት የሚችል አምፕሊፋየር፣ የፈለጋችሁትን ፍሪኩዌንሲ የሚያወጣ አፕ የተጫነበት ስልክ። ዎፈሩ አዲስ ከሆነ አስቀድማችሁ ለጥቂት ሰዓት በዝቅተኛ ድምፅ አጫውቱት። ዙሪያው ያለው ላስቲክ ሲፍታታ ቁጥሩ ይለወጣል።

መጀመሪያ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና የዎፈሩን ሁለት ጫፍ ንኩ። 8 ኦም የተባለ ዎፈር 6 ገደማ ቢያነብ አትደንግጡ፣ እንዲያ ነው። ቁጥሩን ጻፉት።

ቀጥሎ የአምፑን ፕላስ ከ1000 ኦሙ ጋር፣ እሱን ከ10 ኦሙ ጋር፣ የ10 ኦሙን ሌላ ጫፍ ከማይነሱ ጋር አያይዙ። ስልኩ 100 ሄርዝ እያወጣ ቴስተሩን በ10 ኦሙ ጫፎች ላይ አድርጉ፤ 100 ሚሊቮልት እስኪያነብ ድረስ ቮልዩሙን ጨምሩ። ከዚህ በኋላ ቮልዩሙን ማንም አይንካው። አሁን እያንዳንዱ 10 ሚሊቮልት 1 ኦም ማለት ነው።

የ10 ኦሙን አውጥታችሁ በቦታው ዎፈሩን አስገቡ። ዎፈሩ ፊቱም ጀርባውም ክፍት ሆኖ ይቁም እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይደፋ። አሁን ከ20 ሄርዝ ጀምራችሁ አንድ አንድ እያላችሁ ውጡ። ቁጥሩ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ጫፍ የደረሰበት ፍሪኩዌንሲ ኤፍኤሱ ነው። ኮኑ ላይ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ብታሳርፉ እዚያ ቦታ ላይ ከሌላው ይልቅ ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል።

በምሳሌ እንየው። ጫፉ 35 ሄርዝ ላይ ሆነ፤ ቴስተሩ 540 ሚሊቮልት አነበበ። 54 ኦም ማለት ነው። በቅድሙ 6 ኦም አካፍሉት፣ 9 ይሆናል። የ9 ስኩዌር ሩት 3 ነው። 6 ሲባዛ በ3፣ 18 ኦም። ስለዚህ ቴስተሩ 180 ሚሊቮልት የሚያነብባቸውን ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች ፈልጉ፤ አንዱ ከ35 በታች፣ አንዱ ከ35 በላይ። 23 እና 52 አገኛችሁ እንበል። ልዩነታቸው 29 ነው። 35 ሲባዛ በ3 ሲካፈል ለ29፣ 3.6 ይመጣል። እሱን ለ9 አካፍሉት፤ 0.4። ይህ ኪውቲኤሱ ነው። ልኬቱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ 23ን በ52 አባዙና ስኩዌር ሩቱን አውጡ፤ 34.6 ነው፣ ከ35 ጋር ይቀራረባል። በጣም ከራቀ እንደገና ለኩ።

ለቪኤኤሱ ስፋቱ የታወቀ የሙከራ ሳጥን ያስፈልጋል። ከውስጥ 30 በ30 በ22 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ከቁርጥራጭ የተሠራ ሳጥን 20 ሊትር ገደማ ይይዛል። የቀለም ባልዲ ይሻላል የሚል አይጠፋም፤ ግን ግድግዳው ስለሚተነፍስ ልኬቱን ያበላሸዋል። ዎፈሩን አፉ ላይ በደንብ አሽጋችሁ ግጠሙና አዲሱን ጫፍ ፈልጉ። 61 ሄርዝ ላይ ሆነ እንበል። 61 ሲካፈል ለ35፣ 1.74። በራሱ ሲባዛ 3 ገደማ። 1 ቀንሱ፣ 2 ይቀራል። 2 ሲባዛ በ20 ሊትር፣ 40 ሊትር። ቪኤኤሱ ይኸው።

ሊትሩን አስሉ

ለተዘጋ ሳጥን የምንፈልገው አጠቃላይ ኪው፣ ማለትም ዎፈሩ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚኖረው፣ 0.7 ገደማ ነው። እዚያ ላይ ባሱ ሳያብጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። 0.707ን ለ0.4 አካፍሉ፣ 1.77 ነው። በራሱ አባዙት፣ 3.12። 1 ቀንሱ፣ 2.12። ቪኤኤሱን፣ 40ን፣ ለዚህ አካፍሉ፤ 19 ሊትር ገደማ። ባሱ መዳከም የሚጀምረው ደግሞ 35 ሲባዛ በ1.77፣ ማለትም 62 ሄርዝ አካባቢ ነው። ለሳሎን ይበቃል። ቤዝ ጊታርም ከበሮም በደንብ ይሰማል።

ኪውቲኤሱ ከ0.6 በላይ ከመጣ ሳጥኑ ግዙፍ ይሆንባችኋል። ያ ዎፈር ለመኪና የኋላ መደርደሪያ የታሰበ ሊሆን ይችላል። ከ0.3 በታች ከሆነ ደግሞ ፖርት ነው የሚፈልገው፤ በተዘጋ ሳጥን ባሱ ይቀጥናል።

19 ሊትሩ የተጣራ አየር ነው። የዎፈሩ ማግኔት፣ ውስጥ የሚገባው ማገርና ክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለዎፈሩና ለትዊተሩ የሚከፍለው) ቦታ ይይዛሉ፤ ለነሱ 2 ሊትር ጨምሩ። ስለዚህ የውስጡ ስፋት 21 ሊትር ይሁን። ወርዱ 22፣ ጥልቀቱ 26፣ ቁመቱ 37 ሴንቲሜትር ብናደርገው ይሞላል። ሦስቱ ልኬቶች የተለያዩ መሆናቸው ሆን ተብሎ ነው። እኩል ከሆኑ ሳጥኑ አንድ ድምፅ ላይ ይጮሃል።

እንጨቱ

18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (በማጣበቂያ የተጨመቀ የደቀቀ እንጨት ጣውላ) ውሰዱ። ወጥ ስለሆነ ብዙ አይንቀጠቀጥም፣ ጠርዙም ቀጥ ይላል። ጥሩ ፕላይዉድም ይሆናል። ቺፕዉድ ግን ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ብሎንም አይዝም።

ሙሉ ኤምዲኤፍ 244 በ122 ሴንቲሜትር ነው፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ። ታክሲ ላይ አይጫንም። ስለዚህ እዚያው ማሽን ያለው እንጨት ቤት አስቆርጡት። ጥንዱን አውጥቶ ግማሽ ገደማ ይተርፋችኋል። ለሁለቱ ሳጥን የሚቆረጠው ይህ ነው፦

- ለፊትና ለኋላ፦ 25.6 በ40.6 ሴ.ሜ፣ 4 ፍሬ
- ለጎን፦ 26 በ40.6 ሴ.ሜ፣ 4 ፍሬ
- ለላይ፣ ለታችና ለማገር፦ 26 በ22 ሴ.ሜ፣ 6 ፍሬ

ቆራጩን «ተመሳሳዮቹን ማሽኑን ሳትነካ በአንድ ልክ ቁረጥልኝ» በሉት። 40.6 ቀርቶ 40.5 ቢሆን ምንም አይደለም። ክፉው ነገር አንዱ 40.6 ሌላው 40.3 መሆኑ ነው። ሳይገጥም የቀረ ጠርዝ አየር ያስወጣል።

የኤምዲኤፍ ብናኝ በጣም ደቃቅ ነው፣ ማጣበቂያው ውስጥ ደግሞ ፎርማልዴሃይድ አለ። ቤት ውስጥ የቀረውን ስትቆርጡና ስትፈጉ ማስክ አድርጉ፤ ግቢ ውጡ።

ከስድስቱ ትንንሾች ሁለቱ ማገር ናቸው። ዙሪያውን 4 ሴንቲሜትር አስቀርታችሁ መሃላቸውን በጂግሶ አውጡት፤ መስኮት ይመስላል። ማገሩ የጎኑን ግድግዳዎች፣ ፊትና ኋላውን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። እሱ ከሌለ ግድግዳው ራሱ ስፒከር ሆኖ ይዘፍናል።

በፊተኛው ገጽ ላይ የዎፈሩ መሃል ከታች 15፣ የትዊተሩ 31.5 ሴንቲሜትር ላይ ይሁን። የቀዳዳውን ስፋት ግን ከእኔ አትውሰዱ። 8 ኢንች የተባለ ዎፈር ቀዳዳው 18.5 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ እንደ አምራቹ ይለያያል። የራሳችሁን ዎፈር ገልብጣችሁ ለኩ። በኮምፓስ ክቡን ሥሩ፣ በትራፓኖ አንድ ቀዳዳ ብሱ፣ ከዚያ የጂግሶውን ምላጭ አስገብታችሁ ከመስመሩ በስተ ውስጥ ዙሩ። የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ታስፋላችሁ። ጠባብ ይሰፋል፤ ሰፊ ግን አይጠብም።

ማጣበቅ

ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል። ብሎን የሚያስፈልገው ኮላው እስኪደርቅ ለመያዝ ብቻ ነው። በኤምዲኤፍ ጠርዝ ላይ ብሎን በቀጥታ ካስገባችሁ ይሰነጠቃል። ለ4 ሚሊሜትር ብሎን አስቀድማችሁ በ3 ሚሊሜትር ብሱ፤ ከማዕዘን 5 ሴንቲሜትር ራቁ።

የኋላውን ገጽ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉት። በጠርዙ ላይ ኮላውን ሳትቆጥቡ ቀቡ። አንዱን ጎን አቁሙ፣ ከዚያ የታችኛውንና የላይኛውን፣ በመጨረሻ ሁለተኛውን ጎን። ማገሩ ከውስጥ ከታች 23 ሴንቲሜትር ላይ ይግባ፤ እዚያ ዎፈሩንም ትዊተሩንም አይነካም። አሁን ስኳድራ አውጡ። አራቱንም ማዕዘን አዩና፣ ከዚያ በሜትር ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ሳጥኑ ቀጥ ብሏል። ካልሆኑ ኮላው ሳይደርቅ ረጅሙን ሰያፍ ጨምቁት።

ረጅም ሞርሳ ከሌላችሁ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በረጅሙ ቆርጣችሁ ዙሪያውን እየወጠራችሁ ጠቅልሉት። እኩል ይጨምቃል፣ ዋጋውም ምንም ማለት ነው። ከመገጣጠሚያው ኮላ ጠብ ጠብ ሲል ካያችሁ ጥሩ ነው። የወጣውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ የውስጡን መገጣጠሚያ ሁሉ በጣት ኮላ ሙሉት። ከኋላ የገመድ ተርሚናሉን ቀዳዳ ቁረጡ፤ ተርሚናሉን በሲሊኮን አሽጉ። ሲሊኮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ዎፈሩን አትግጠሙ። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት እንፋሎቱ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሲጠራቀም ዎፈሩን ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ የፊቱን ገጽ አጣብቁ።

ቀለም የምርጫ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የኤምዲኤፍ ጠርዝ ቀለም ይጠጣል። በውሃ የቀጠነ ኮላ ቀብታችሁ ሲደርቅ ፈግፍጉት፤ የብሎኖቹን ጉድጓድ በስቱኮ ሙሉ፣ ከዚያ ቀቡ።

ክሮስኦቨር

ትዊተሩ ባስ ከደረሰው ይቃጠላል። ስለዚህ ድምፁን 2500 ሄርዝ ላይ እንከፍለዋለን። ሁለቱም 8 ኦም ከሆኑ ለዎፈሩ 1 ሚሊሄንሪ ኮይል በተከታታይ፣ ከኮይሉ በኋላ 3.9 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በዎፈሩ ሁለት ጫፎች መሃል። ለትዊተሩ ግልባጩ ነው፤ 3.9 ማይክሮፋራዱ በተከታታይ፣ 1 ሚሊሄንሪው ከሱ በኋላ ከፕላስ ወደ ማይነስ። ካፓሲተሩ ፕላስና ማይነስ የሌለው፣ 100 ቮልት የሚችል ይሁን። በዚህ አከፋፈል የትዊተሩ ፕላስና ማይነስ ተገልብጦ ነው የሚታሰረው። ካልተገለበጠ 2500 ሄርዝ አካባቢ ድምፁ ጉድጓድ ይገባል።

ትዊተር አብዛኛውን ጊዜ ከዎፈር ይጮሃል። 2.2 ኦም በተከታታይ፣ ከዚያ በትዊተሩ ጫፎች ላይ 20 ኦም ገደማ ስታስገቡ 3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሁለቱም ባለ 10 ዋት ይሁኑ።

ሁለቱን ኮይሎች አራርቋቸው፤ አንዱ ከተጋደመ ሌላው ይቁም። ጎን ለጎን ከተጋደሙ ማግኔታቸው ይነካካል። ክሮስኦቨሩ የተሠራበትን ሰሌዳ ታች ላይ በብሎን እሰሩት፣ አለበለዚያ ይንኳኳል። ለገመድ የመብራት 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ይበቃል። ውድ ገመድ ለመግዛት ያሰባችሁትን ገንዘብ ትዊተሩ ላይ ጨምሩት።

የዎፈሩ ፕላስ ካልታወቀ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ንኩበት። ኮኑ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፕላስ የነካው ጫፍ ፕላስ ነው። ትዊተር ላይ ይህን አትሞክሩ።

መዝጋትና መፈተሽ

ውስጡን በትራስ ፋይበር ሙሉት፤ ከ200 እስከ 300 ግራም፣ ላላ ብሎ። አትጠቅጥቁት። ከዎፈሩ ዙሪያ ስፖንጅ ላስቲክ አጣብቁና ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቃችሁ አጥብቁ።

ኮኑን በእጃችሁ መዳፍ ቀስ አድርጋችሁ ግፉትና ልቀቁት። ዝግ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ ታሽጓል። ወዲያው ብድግ ካለ አየር የሚወጣበት አለ። የት እንደሆነ ለማግኘት 40 ሄርዝ እያጫወታችሁ የሚጤስ የዕጣን እንጨት በየመገጣጠሚያው አዙሩ። ቀጥ ብሎ የሚወጣው ጭስ የሆነ ቦታ ላይ ይርገበገባል። እዚያ ኮላ።

ከዚያ ከዘፈን በፊት የሬዲዮ ዜና ክፈቱ። የወንድ አንባቢ ድምፅ ከሁሉም በላይ ሐቀኛ ፈታኝ ነው፤ የሰው ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንባቢው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ስፒከሩን ከግድግዳውና ከማዕዘኑ አርቁት፤ ማዕዘን ባስ ያሳብጣል። አሁንም ካልለቀቀው ፋይበር ጨምሩ። «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ የሚወጉ ከሆነ የትዊተሩን 2.2 ኦም በ3.3 ቀይሩት። ድምፁ ከራቀና ከደነዘዘ ወደ 1.5 አውርዱት። ይህን የምትሠሩት በዎፈሩ ቀዳዳ በኩል ስለሆነ፣ መስተካከሉን እስክታረጋግጡ ድረስ የክሮስኦቨሩን ሬዚስተር በብየዳ ሳይሆን በብሎን ማያያዣ ላይ አድርጉት።